የኢሉባቦር ሹም የማን ሹም ነው?

መቱ መናኸሪያ አካባቢ ቡና ከሚጠጡት አንዱን ጠጋ ብላችሁ «የከተማህ ምክር ቤት ውስጥ የሚወክልህ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መጀመሪያ ፈገግ ይላል፤ የምትቀልዱበት ይመስለዋል። ጠቅላይ ሚኒስትሩን ያውቃል፣ የክልሉን ፕሬዚዳንት ያውቃል። ስለ ዞኑ አስተዳዳሪ ብትጠይቁት «ያሁኑን ነው የተነሣውን?» ብሎ ይመልስላችኋል። የምክር ቤት ተወካዩን ግን አያውቀውም። ይህ የሰውየው ስንፍና አይደለም። የማያውቀው ስላልመረጠው ነው፤ መርጦት ከነበረም እንኳ ስሙ እስኪረሳ ድረስ ዘመን አልፏል።

በኦሮሚያ የመጨረሻው የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። የወረዳ፣ የከተማና የቀበሌ ምክር ቤቶች ያኔ ተመረጡ። ያን ጊዜ 5 ዓመቱ የነበረ ልጅ በ2018 ዓ.ም. 18 ሞልቶት ራሱ መራጭ ነው። የምክር ቤቶቹ የሥራ ዘመን 5 ዓመት ስለነበር በ2010 ሌላ ምርጫ መካሄድ ነበረበት። ፓርላማው አራዘመው። ዓመቱ ሲደርስ እንደገና አራዘመው። ቀጥሎ ከጠቅላላ ምርጫው ጋር ይደረጋል ተባለ፤ ኮሮና መጣ፤ ጠቅላላ ምርጫውም ተገፋ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ጠቅላላ ምርጫው ሲካሄድ የአዲስ አበባ ነዋሪ የከተማውን ምክር ቤት መረጠ። የመቱ፣ የጎሬ፣ የበደሌ፣ የያዮ ነዋሪ ለፓርላማና ለጨፌ ድምፅ ሰጥቶ ወደ ቤቱ ገባ። የወረዳውና የቀበሌው ነገር ተረሳ።

ይህ አገር ደግሞ የሥልጣን ዘመን ምን እንደሆነ የማያውቅ አገር አይደለም። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. የመዘገበው፣ በየአዳራሹ ዳንስና ዘፈን የሚወጣለት የገዳ ሥርዓት ዋናው ነገሩ ሥልጣን በ8 ዓመት ከእጅ ወደ እጅ ማለፉ ነው። ስለ ገዳ ንግግር የሚያደርጉ ባለሥልጣናት ስንት ናቸው! ከመካከላቸው አንዱ «የእኛ ምክር ቤቶችስ 8 ዓመታቸውን መቼ አለፉ?» ብሎ ሲጠይቅ አልተሰማም። ባለ 5 ዓመቱ ምክር ቤት ከአንድ ገዳ ዘመን በላይ ኖሯል።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ፖለቲከኛ ኢሉባቦር ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ቦታ እንዴት እንደሚሠራ አንድ ምሳሌ እንይ።

በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አንድ ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ፀጉራቸው የነጣ አዛውንት የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ሊጎበኙ ጋምቤላ ገብተው ነበር። ከመቱ በጎሬና በቡሬ አድርጎ ቆላውን የሚወርደው መንገድ የሚያደርሰው እዚያው ነው። ሰውየው የአየርላንድ ፕሬዚዳንት ማይክል ሂጊንስ ነበሩ። ጉብኝታቸው በዜና ተነግሮ አለፈ። ፕሬዚዳንት እስኪሆኑ ድረስ የሄዱበት መንገድ ግን ከጉብኝቱ የበለጠ ሊወራለት የሚገባ ነው።

ሂጊንስ የድሃ ልጅ ናቸው። ወላጆቻቸው ማሳደግ አቅቷቸው አጎታቸውና አክስታቸው ቤት ገጠር አደጉ። ጸሐፊ ሆነው ሠርተው፣ ዘግይተው ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ጎልዌይ ከተማ መምህር ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1969 ለፓርላማ ተወዳደሩ፤ ወደቁ። በ1973 ደገሙ፤ ወደቁ። በ1974 የአካባቢ ምክር ቤት ገቡ። ስለ መንገድ ጉድጓድ፣ ስለ ውሃ ቧንቧ፣ ስለ ቤት ምደባ የሚከራከር ሰው ሆኑ። በ1981 ፓርላማ ገቡ፤ በ1982 መጨረሻ ሕዝቡ አወረዳቸው። ከፓርላማ በወረዱበት በዚያው ወቅት የጎልዌይ ከንቲባ ነበሩ። በ1987 ወደ ፓርላማ ተመለሱ፣ በ1991 ዳግመኛ ከንቲባ ሆኑ፣ በ1993 ሚኒስትር፣ በ2011 ፕሬዚዳንት። በ2025 እሳቸውን የተኩት ካትሪን ኮኖሊም ቀደም ሲል የዚያችው የጎልዌይ ከንቲባ የነበሩ ናቸው።

እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት መውጣታቸው አይደለም። ሰው የትም አገር ይወጣል። ልብ መባል ያለበት መውደቃቸው ነው። እኚህ ሰው ቢያንስ ሦስት ጊዜ በገዛ መራጫቸው «አንፈልግህም» ተብለዋል። አለቃ ገምግሟቸው፣ ፓርቲ ተቆጥቶ ከቦታ ቦታ አዛውሯቸው አይደለም። ጎረቤታቸው፣ ባለ ሱቁ፣ የተማሪዎቻቸው ወላጅ ነው ድምፅ የነፈጋቸው። ከዚያ በኋላ እንደገና በየቤቱ በር እያንኳኩ «ምን አጠፋሁ?» ማለት ነበረባቸው።

አየርላንድን ገነት አድርጎ መሳል ግን ሐሰት ይሆናል። የአየርላንድ የአካባቢ መንግሥት በአውሮፓ ደካማ ከሚባሉት አንዱ ነው። ገንዘቡ በአብዛኛው ከዋና ከተማው ነው የሚመጣው። የጎልዌይ ከንቲባ በምክር ቤቱ አባላት ለአንድ ዓመት የሚመረጥ፣ ካባና ሐብል የሚያጠልቅ የክብር ሹም ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ተቀጣሪው ሥራ አስፈጻሚ ነው። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2019 በሦስት ከተሞች «ከንቲባችሁን በቀጥታ መምረጥ ትፈልጋላችሁ ወይ?» ተብሎ ሕዝቡ የተጠየቀው። ኮርክና ዋተርፎርድ በጠባብ ልዩነት እምቢ አሉ፤ ሊመሪክ እሺ አለች። በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. የሊመሪክ ሕዝብ ጆን ሞራን የሚባሉትን የግል ተወዳዳሪ በአገሩ ታሪክ የመጀመሪያው በቀጥታ የተመረጠ ከንቲባ አደረጋቸው። በዚያው ቀን በመላ አገሪቱ 31 የአካባቢ ምክር ቤቶች 949 ወንበራቸውን ለመራጭ አቀረቡ። ሥልጣናቸው ትንሽ ነው፤ ተጠሪነታቸው ግን ወደ ታች ነው።

አሁን ወደ ጎሬ እንመለስ።

ኢሉባቦር ካፈራቸው ወይም፣ ትክክለኛውን ቃል ለመጠቀም፣ ኢሉባቦር ከተሸከመቻቸው ፖለቲከኞች ሁሉ ትልቁ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ናቸው። ጎሬን መቀመጫቸው አድርገው ያን ሰፊ አገር ገዙ። በሰኔ 1890 ዓ.ም. ሠራዊታቸው እስከ ነጭ ዓባይ ዳር ወርዶ ሰንደቅ ዓላማ ተክሎ ተመልሷል። ከፈረንሳዩ ማርሻን ጋር ሊገናኝ የወጣ ጉዞ ነበር፤ በጥቂት ሳምንት ተላለፉ። በግንቦት 1894 ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ሆነች፤ የኢሉባቦር ቡና በበቅሎ ወደ ባሮ ወርዶ በመርከብ መጫን ጀመረ። በቡናው መንገድ ላይ የተቀመጠ ገዥ ሀብታም መሆኑ አይቀርም። ሀብትና ሠራዊት ያለው ሰው ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ይፈለጋል። በ1901 ዓ.ም. ምኒልክ ታመው ልጅ ኢያሱን ወራሽ ሲያደርጉ እንደራሴ የሆኑት ራስ ተሰማ ናቸው። በመጋቢት 1902 እቴጌ ጣይቱ ከሥልጣን ሲገለሉ የአገሪቱ የመጨረሻ ቃል የሳቸው ሆነ። በ1903 ሞቱ።

እንደ ፖለቲካ ሕይወት ካየነው አስደናቂ ነው። ከጠረፍ ገዥነት እስከ ዙፋን ጠባቂነት። ግን በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ የአልጌው፣ የሁሩሙው፣ የኖጳው ገበሬ የት ነበር? ማርና እህል እየገበረ፣ ጉልበቱን እየከፈለ፣ ስንቅ እየተሸከመ ነበር። ገዥውን አልመረጠም፤ ገዥው ሲሄድም አልተጠየቀም። ኢሉባቦር ለራስ ተሰማ መሰላል ነበረች። ሰው ደግሞ መሰላልን ሐሳብ አይጠይቀውም።

ከሳቸው በኋላም ነገሩ ያው ነው። በ1916 ዓ.ም. መስከረም ጄኔቫ ላይ ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የልዑካኑ መሪ ደጃዝማች፣ በኋላ ራስ፣ ናደው አባ ወሎ ነበሩ። እሳቸውም የኢሉባቦር ገዥ ከነበሩት አንዱ ናቸው። በዚያ ስብሰባ ኢትዮጵያ የተጠየቀችው ዋና ጥያቄ የባሪያ ንግድ ነበር፤ ያ ንግድ ክፉኛ ያራቆተው ደግሞ ደቡብ ምዕራቡን ነው። በ1928 ጣልያን አዲስ አበባ ሲገባ መንግሥት የተባለው ነገር ሁሉ ጎሬ ላይ ተሰበሰበ። ለጥቂት ወራት ጎሬ የነፃይቱ ኢትዮጵያ መቀመጫ ሆነች። ይህ ለኢሉባቦር የሚያኮራ ታሪክ ነው፤ ቢሆንም ያኔም መንግሥቱ እንግዳ ነበር፣ ጎሬ አስተናጋጅ።

አንዳንዱ አንባቢ እዚህ ላይ ሲደርስ «አዎ፣ ችግሩ ከሌላ አገር የመጣ ገዥ ነበር» ብሎ ይደሰታል። አይቸኩል። የዛሬው የዞን አስተዳዳሪ የሕዝቡን ቋንቋ ይናገራል፤ ምናልባትም አባቱ የተቀበረው ከመቱ ብዙም ሳይርቅ ነው። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም፤ ፍርድ ቤት ቆሞ በራሱ ቋንቋ የሚከራከር ገበሬ ዋጋውን ያውቀዋል። የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅም ቀላል ለውጥ አልነበረም፤ ጭሰኝነትን ነቅሎ ጥሏል፣ የገበሬ ማኅበራትም መጀመሪያ ላይ መሪዎቻቸውን ከመካከላቸው መርጠው ነበር፣ በኋላ የኮታና የምልመላ እጅ ሆነው ቀሩ እንጂ። ጥያቄው ሹሙ የት ተወለደ አይደለም። ጥያቄው ማን ያነሣዋል ነው። ራስ ተሰማን ሊያነሣ የሚችለው አዲስ አበባ ነበር። የዛሬውን አስተዳዳሪስ?

እስቲ መንገዱን እንከተለው። አንድ ጎበዝ ወጣት አለ እንበል። ከመምህራን ኮሌጅ ወጥቶ ቡሬ አካባቢ ያስተምራል፣ ወይም ዳሪሙ ውስጥ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነው። ፓርቲ ይገባል። ሥልጠና ይላካል። የወጣት ሊግ ኃላፊ፣ ቀጥሎ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ቀጥሎ የወረዳ አስተዳዳሪ ይሆናል። አንድ ቀን ደብዳቤ ይመጣና ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራል። እዚያ ምክር ቤት ይጠራል፤ የማያውቁት ሰው በፊታቸው ይቆማል፤ «ሹመቱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ይባላል። ከዚያ ዞን ይወጣል። ዞን ላይ ደግሞ ምክር ቤት የሚባል ነገር ራሱ የለም። በኦሮሚያ ዞን የክልሉ አስፈጻሚ ክንድ ነው፤ አስተዳዳሪው መራጭ የለውም። ኢሉባቦርን የሚያህል አገር የሚመራ ሰው አንድም ሰው «መረጥኩህ» ሊለው የማይችል ሰው ነው። ወጣቱ ጥሩ ከሠራ፣ ወይም ጥሩ የሠራ ከመሰለ፣ ፊንፊኔ ቢሮ ይሰጠዋል። ካጠፋ ይገመገማል፤ ግምገማው ዝግ ነው፤ ከዚያ ሌላ ዞን ይላካል።

በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ልጁ አንድም ጊዜ ሊሸነፍ የሚችልበት ምርጫ ውስጥ አልገባም። ስለዚህ አንገቱ ወደ ላይ መዞሩን ለምን እንደ ጠባይ ጉድለት ይቆጥሩበታል? ደመወዙ፣ መኪናው፣ ቤቱ፣ የነገ ዕጣው ያለው ከላይ ነው። የመቱ ነዋሪ የሚያስፈልገው ለሰላማዊ ሰልፍና ለስብሰባ ወንበር መሙያ ብቻ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት እየጠቀስን ሹሞችን ከምንረግም፣ ተረቱ የተፈጠረበትን ሁኔታ ብናይ ይሻላል። ሲሾምም ሲሻርም ሕዝቡ የማይጠየቅበት አገር የወለደው ተረት ነው። ሹመቱ የሚቆይበትን ቀን የማያውቅ ሰው በቶሎ መብላቱ ለራሱ ብልህነት ነው።

«ቢሆንም ምርጫ ተደርጎ ያውቃል እኮ» የሚል አለ። አዎ፣ ተደርጓል። በ2000 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ በተደረገው የአካባቢ ምርጫ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር 300 ነበር። በመላ አገሪቱ ወደ 3.6 ሚሊዮን ወንበር! አንድ ቀበሌ ውስጥ 300 ተወካይ ካለ እያንዳንዱ ሰፈር ተቃዋሚውንም ደጋፊውንም በምክር ቤት ያገኛል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙን አልፈው ወሰዱ። በ2005 ደግሞ 33 ፓርቲዎች ምርጫውን ረግጠው ወጡ። በ2013ቱ ጠቅላላ ምርጫ ኦነግና ኦፌኮ ወጥተው በኦሮሚያ ብዙ የምርጫ ክልሎች ላይ ብልጽግና ብቻውን ሮጦ ብቻውን አንደኛ ወጣ። 300 ወንበር ያለው ቀበሌና ተወዳዳሪ የሌለው ምርጫ ተደምረው የሚሰጡት የአካባቢ ዴሞክራሲን አይደለም፤ የአባላት መዝገብ ነው።

ይህ ሁሉ ዋጋው ስንት ነው? ያዮ ሄዶ ማየት ነው።

የያዮ ደን ለዓለም የቡና ዘር መሠረት ከሆኑት ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከካፋ ጋር አብሮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ አድርጎ መዘገበው። ሁለት ዓመት ሳይቆይ እዚያው ያዮ ላይ ከድንጋይ ከሰል ማዳበሪያ የሚያመርት ግዙፍ ፋብሪካ ሊሠራ ለሜቴክ ተሰጠ። ወጪው ወደ 11 ቢሊዮን ብር ነበር። ገበሬዎች መሬታቸውን ለቀቁ። ቡናቸው ተነቀለ። ዓመታት አለፉ፣ የተባለው ቀን አለፈ፣ ገንዘቡ ፈሰሰ፤ ፋብሪካው አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ሳያወጣ ፕሮጀክቱ ከሜቴክ እጅ ወጣ። በኅዳር 2011 የሜቴክ ኃላፊዎች ሲታሰሩ አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን ተመለከተ።

የሜቴክን ጉድ አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሰው ጽፎበታል። ያዮ ላይ ግን ሌላ ጥያቄ አለ። በነዚያ ዓመታት ሁሉ የያዮ ወረዳ ምክር ቤት ይሰበሰብ ነበር። ቃለ ጉባዔ ይያዝ ነበር። ከመካከላቸው አንድ ሰው ተነሥቶ «ካሳው አነሰ፤ ፋብሪካው አልቆመም፤ የጥብቅ ደኑ ነገር እንዴት ሆነ? ኃላፊውን ጠርተን እንጠይቅ» ለማለት ምን ያግደው ነበር? ድፍረት ማጣት? ምናልባት። ትልቁ ምክንያት ግን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው በሚቀጥለው ምርጫ በገበሬው ድምፅ አይመለስም፤ ከዚያ በፊት በፓርቲው ግምገማ ይነሣል። ዝም ያለው ደግሞ ገበሬው ሊቀጣው አይችልም። ስለዚህ ዝምታ ያዋጣል። ጎልዌይ ቢሆን ኖሮ ፋብሪካው በወቅቱ ያልቅ ነበር ማለት አይደለም፤ እዚያም ገንዘብ ይባክናል። ነገር ግን የባከነ ገንዘብ ስም ይኖረዋል፤ ያ ስም በምርጫ ወረቀት ላይ ይወጣል።

ዞኑ ለሁለት ተከፍሎ ቡኖ በደሌ የራሱ ዞን ሲሆንም የተጠየቀ የለም። መከፈሉ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ከጮራ ተነሥቶ ለአንድ ፊርማ መቱ መመላለስ ያደክማል። በደሌዎችም ደስ ብሏቸው ይሆናል። ግን ጥሩ ነገር ሳይጠየቁ ሲሰጡህ፣ መጥፎውንም ሳይጠየቁ ይሰጡሃል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ መቱ ምንም አልተደረገላትም ማለት አይቻልም። ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶላታል። ትልቁ ሆስፒታሏ ግን የማን ስም እንዳለበት ተመልከቱ፦ ካርል ሆስፒታል ነው የሚባለው፣ በኦስትሪያዊው ተዋናይ በካርልሃይንዝ በም ስም። ሰውየው «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት መሥርተው ለኢሉባቦር ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ውሃ ያመጡ ናቸው፤ ስማቸው ይገባቸዋል። ነገር ግን በአንድ አገር ሕዝብ ልብ ውስጥ ያለው የባለውለታ ስም የውጭ አገር ተዋናይ ሆኖ፣ ከ1967 ወዲህ ያለፉት የአውራጃ፣ የወረዳና የዞን ሹሞች ሁሉ ስም አለመታወሱ ለእነዚያ ሹሞች ከባድ ፍርድ ነው። የሁሩሙው ልጅ ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሶ ስሙን ትቶ አልፏል፤ እሱንም ሹመት የሰጠው የለም።

ለምርጫው መቅረት የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። አንደኛው ጸጥታ ነው። ምዕራብ ኦሮሚያ ላይ ሰው እየሞተ መሆኑን የሚክድ የለም። ቢሆንም በዚያው ጸጥታ ውስጥ ግብር ይሰበሰባል፣ መዋጮ ይሰበሰባል፣ የማዳበሪያ ዕዳ ይሰበሰባል፣ ሕዝብ ለስብሰባ ይጠራል። ለመክፈል የበቃ ጸጥታ ለመምረጥ አይበቃም ማለት ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? በሁሉም ቦታ ባይቻል በሚቻልበት ይጀመር። ደግሞስ የቀበሌው ሹም የሕዝብ መሆኑ ጸጥታውን ያግዘዋል ወይስ ይጎዳዋል? ወጣቱ ጫካ የሚገባው ቅሬታውን የሚሰማ ሰው ቀበሌው ውስጥ ሲያጣም ጭምር ነው።

ሁለተኛው ወጪ ነው። 3.6 ሚሊዮን ወንበር ውድ ነው፤ እውነት ነው። እንግዲያው 300ውን ወደ 15 አውርዱት። ማንም 300 ተወካይ አልጠየቀም።

ሦስተኛው በግልጽ አይነገርም፤ በየቢሮው በሹክሹክታ ነው የሚባለው፦ «ሕዝቡ ገና አልበሰለም፤ ጎሳና ሃይማኖት እያየ ይመርጣል»። ይህን የሚለው ሰው ማታ ዕድሩ ስብሰባ ላይ ይቀመጣል። የመቱ ዕድሮች ዳኛ ይመርጣሉ፣ ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፣ ሒሳብ ያስመረምራሉ፣ ያጠፋውን ያወርዳሉ። አንድ ድንኳን ቢጠፋ ማን እንደ ወሰደው ይታወቃል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀብራል። የድስትና የድንኳን ሒሳብ መቆጣጠር የቻለ ሕዝብ የከተማውን ሒሳብ መቆጣጠር አይችልም የሚለው ድምዳሜ ከየት የመጣ ነው? «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» የሚለውን ተረት ያወጣው ያው አልበሰለም የሚባለው ሕዝብ ነው።

አራተኛ መልስም አለ፤ ይህኛው ከተቃዋሚው በኩል ነው የሚመጣው። «የወረዳ ምርጫ ምን ያደርጋል? ዋናው አራት ኪሎ ነው» ይላሉ። ይህም የራስ ተሰማ በሽታ ነው። ኢሉባቦርን እንደ መሰላል ማየት የገዥዎች ብቻ ጠባይ አይደለም። አራት ዓመት ሙሉ መቱን ሳይረግጥ፣ በአምስተኛው ዓመት «ሕዝቤ» እያለ የሚመጣ ተቃዋሚ የቀበሌ ወንበር መናቁ አይገርምም። ሂጊንስ ሁለት ጊዜ ለፓርላማ ወድቀው የአካባቢ ምክር ቤት መግባትን አልናቁም። መንገድና ውሃ ላይ መከራከርን የናቀ ፖለቲከኛ ሚኒስትር ቢሆን ምን ሊያውቅ ነው?

ሕጉን በተመለከተ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። በአንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሣት ይችላል። መጀመሪያ ግን ተመራጭ መኖር አለበት፤ ያልተመረጠን ሰው ማንሣት አይቻልም። የከንቲባው ጉዳይም የክልሉ የከተሞች አዋጅ ጉዳይ ነው። በ2010 ዓ.ም. ከምክር ቤቱ ውጭ ያለ ሰው አዲስ አበባን እንዲመራ ሲፈለግ የከተማው ቻርተር በቀናት ውስጥ ተሻሽሏል። ስለዚህ አዋጅ ማሻሻል ከባድ ነው የሚባለው ለማን ሲሆን እንደሆነ ታይቷል።

ጨፌ ኦሮሚያ 537 ወንበር አለው። ከነዚህ ውስጥ ከመቱ፣ ከጎሬ፣ ከቡሬ፣ ከያዮ፣ ከዳሪሙና ከሌሎቹም የኢሉባቦር ወረዳዎች የሄዱት ተወካዮች በሚቀጥለው ጉባዔ ሁለት ነገር ማስያዝ ይችላሉ። አንደኛው፣ ጨፌው የአካባቢ ምርጫው የሚካሄድበት ቀን እንዲቆረጥ በስሙ ለፓርላማውና ለምርጫ ቦርድ እንዲጽፍ። ሁለተኛው፣ የመቱን ጨምሮ የክልሉ ከተሞች ከንቲባዎች በነዋሪው በቀጥታ እንዲመረጡ አዋጁ ይሻሻል የሚል። ሊሸነፉ ይችላሉ፤ ምናልባት እጅ የሚያወጣላቸው አይኖርም። ሲመለሱ ግን የመቱ ሰው መናኸሪያው ጋ አቁሞ «ጥያቄውን አቀረብክ ወይስ ዝም አልክ?» ሊላቸው ይገባል፤ መልሱንም በቃል ሳይሆን በቃለ ጉባዔው ይጠይቃቸው።